ሽምብራ የጎረሰችው ካዝና

ተረቴ መጣች ኮሽ ኮሽ እያለች፣
በሩን ክፈቱላት፣ ሽምብራ ይዛለች።

ቀጋ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ስንዱ እንጉዳይ የምትባል ልጅ ነበረቻት። እንጉዳይ ደግሞ አንዲት ካዝና ነበረቻት።

አዎ፣ ካዝና። ጠመንጃ ጥይቱን የሚጎርስባት፣ ጎበጥ ያለች ብረት። ጠመንጃው የእንጉዳይ ቅድመ አያት ንብረት ነበር። እሳቸውም ሞቱ፣ ጠመንጃውም የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ፣ ካዝናዋ ብቻ ቆጥ ሥር ተወርውራ ቀረች። የስንዱ ባል ታረቀኝ አንድ ቀን አገኛትና ዝገቷን ጠረገ፣ ሽምብራ ጨመረባት፣ አፏን በሰምና በጨርቅ ደፍኖ ለልጁ ሰጣት። እንጉዳይ ብትነቀንቃት ኮሽ አለች።

ከዚያ ወዲያ እንጉዳይ ያለ ካዝናዋ እህል አይወርድላትም። ጡት ከጣለች ገና ወሯ ነው፤ ገንፎ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ካዝናዋን በገዛ እጇ ይዛ ኮሽ ስታደርግ ግን አፏ በራሱ ይከፈታል። ኮሽ፣ ጉርሻ። ኮሽ፣ ጉርሻ። ኮሽ ከሌለ ጉርሻም የለም።

ታዲያ አዋጅ ወጣ። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሀል ድንጋይ ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ካዝናውንም ያስመዝግብ! በእያንዳንዱ ካዝና ላይ የጠመንጃው ቁጥር ይመታበት! ምልክቱ ከውጭ የሚታይ ይሁን፣ ጥፍር የማይፍቀው ይሁን፣ ዝናብ የማያጥበው ይሁን! ምልክት የሌለው ካዝና ቤቱ የተገኘበት ሰው ግን፣ ወየውለት!»

ይህቺን «ወየውለት» የሰሙት የስንዱ አማት እማማ ይመኙ ናቸው። እማማ ይመኙ ማለት መንግሥት ቢያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ከመኝታቸው የሚነሱ ሴት ናቸው። ስንዱ ልብስ ልታጥብ ወንዝ በወረደችበት፣ ካዝናዋን ከተኛችው ሕፃን ጉያ ቀስ አድርገው መዘዙ፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፣ መዝገብ ቤት ወስደው አስረከቡ።

ስንዱ ስትመለስ እንጉዳይ እሪ ትላለች።

«እማማ፣ ካዝናዋስ?»

«አስረከብኳት።»

«ምን አደረጓት?»

«አስረከብኳታ! በመንግሥት ነገር ቀልድ የለም። ነገ ፈታሽ ቢመጣ፣ ውስጡ ሽምብራ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

ታረቀኝ አጨዳ ሩቅ ሄዷል። እንጉዳይ ያን ማታ ገንፎ አልበላችም። ጠዋትም አልበላችም። ጉንጯ ሟሸሸ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ለቅሶዋ ግን አልደከመውም። ስንዱ ገንፎውን ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ ቋጠረች፣ ልጇን አዘለች፣ ወጣች። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ሆነ፦ እንጉዳይ አንድ ጉርሻ ትጉረስላት።

መጀመሪያ መዝገብ ቤት ሄደች። መዝጋቢው አቶ ልሳኑ ይባላሉ። እስክሪብቷቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ከኋላቸው የካዝና ክምር አስቀምጠው፣ እንደ ጎተራ ጠባቂ ተቀምጠዋል። ከክምሩ አናት ላይ ያቺ የእንጉዳይ ካዝና ተጋድማለች።

«ጋሼ፣ እቺን ካዝና ይመልሱልኝ። ልጄ እህል አልቀምስ አለች።»

«ምልክት ተመቶባታል?»

«አልተመታባትም።»

«ምልክት የሌለው ካዝና ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ጠመንጃ እኮ የላትም! የጎረሰችውም ሽምብራ ነው።»

«ባሩድም ትጉረስ ሽምብራ፣ ካዝና ካዝና ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ በከሰል ልጻፍባት?»

«ከሰል ዝናብ ያጥበዋል።»

«በሚስማር ልጫርባት?»

«የሚስማር ጭረት ጥፍር ይፍቀዋል። ሂጂ፣ ቀጥቃጩ ጋ ሂጂ። መምቻው ያለው እሱ ጋ ነው። ምልክት ምታልኝ በይው፣ እሱ ይምጣና እዚህ ይምታ፣ ያኔ ትወስጃለሽ።»

መዝጋቢ ካዝና አልመልስም አለ፣ እንጉዳይ ገንፎ አልበላም አለች። ስንዱ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ቀጥቃጩ ሮጠች።

ቀጥቃጩ ጋሽ ደበሽ ከምድጃቸው ፊት ቁጭ ብለው አገጫቸውን ያካሉ።

«ጋሽ ደበሽ፣ ይነሱልኝና አንዲት ካዝና ይምቱልኝ። መዝጋቢ ካዝና አልመልስም አለ፣ እንጉዳይ ገንፎ አልበላም አለች።»

«በምኔ ልምታ ልጄ? በግንባሬ?» አሉና መምቻውን አሳዩአት። የጣት ርዝመት ያለው ብረት ነው፤ ጫፉ ቁጥር የሚቀርጽ ስለት ነበረው። «ጠዋት የአገሩን ካዝና ሁሉ ስደበድብበት ደነዘ። እይው፣ ድድ ብቻ ሆኗል። እሳት ገብቶ ካልተሳለ አይነክስም።»

«እሳቱስ?»

«እሳቱ የታለ? ወናፉን አይጥ በላው። ወናፍ የሌለው ቀጥቃጭ ሳንባ የሌለው አዝማሪ ነው። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆዳ አምጪልኝ፣ ቀዳዳውን ልድፈነው።»

ወናፍ እሳት አላነድም አለ፣ እሳት መምቻ አልስልም አለ፣ መምቻ ካዝና አልመታም አለ፣ መዝጋቢ ካዝና አልመልስም አለ፣ እንጉዳይ ገንፎ አልበላም አለች። እንጉዳይ ከጀርባ ሆና ፀጉሯን እየጎተተች እሪ ስትል፣ ስንዱ ወደ ቆዳ አልፊዋ ሮጠች።

ቆዳ አልፊዋ እትዬ አስካለች ቤታቸው ከከተማው ጫፍ ነው፤ ለምን እንደሆነ አፍንጫ ያለው ያውቃል። ቆዳ ወጥረው ፀጉሩን ይፍቃሉ።

«እትዬ አስካለች፣ መዳፍ የምታህል ቆዳ ይስጡኝ። ወናፍ እሳት አላነድም አለ፣ እሳት መምቻ አልስልም አለ፣ መምቻ ካዝና አልመታም አለ፣ መዝጋቢ ካዝና አልመልስም አለ፣ እንጉዳይ ገንፎ አልበላም አለች።»

«እሷ ናት የምትጮኸው? እኔ ደግሞ የማን ፍየል ታረደች እላለሁ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን የሕፃኗን ጉንጭ በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ሳቃቸውን ዋጡ። «ምነው እንዲህ ቀለለች? ቆዳውማ ይኸው። ከጉድጓድ ወጥቷል፣ ተፍቋል። ጨው ብቻ ነው የቀረው። በጨው ያልታሸ ቆዳ ብሰጥሽ ነገ ይገማል፣ ከነገ ወዲያ ይበጣጠሳል። ደበሽ ደግሞ ስሜን ገበያ ላይ ያወጣዋል። ከእኔ ከአስካለች ቤት እንዲህ ያለ ቆዳ ወጥቶ አያውቅም።»

«ጨውስ?»

«ጨው ሐጂ እንድሪስ ጋ ነው። ከነጋ ሰው ብልክም ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። እስቲ አንቺ በልጅሽ ለቅሶ አስፈራሪያቸው።»

ጨው ቆዳ አላለፋም አለ፣ ቆዳ ወናፍ አልደፍንም አለ፣ ወናፍ እሳት አላነድም አለ፣ እሳት መምቻ አልስልም አለ፣ መምቻ ካዝና አልመታም አለ፣ መዝጋቢ ካዝና አልመልስም አለ፣ እንጉዳይ ገንፎ አልበላም አለች።

ሐጂ እንድሪስ ከሱቃቸው ደጃፍ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ።

«ሐጂ፣ እፍኝ ጨው!» አለች ስንዱ እያለከለከች። «ጨው ቆዳ አላለፋም አለ፣ ቆዳ ወናፍ አልደፍንም አለ፣ ወናፍ እሳት አላነድም አለ፣ እሳት መምቻ አልስልም አለ፣ መምቻ ካዝና አልመታም አለ...»

«ቆይ ቆይ፣ የኔ ልጅ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ካዝና ያልሽው የጠመንጃውን ነው?»

«የእንጉዳይን ነው።»

«እንጉዳይ ማን ነው? ሽፍታ ነው?»

ስንዱ ዞር ብላ አሳየቻቸው። ሽፍታዋ አፍንጫዋን በእናቷ ትከሻ ላይ ጠረገች።

«አላህ ያሳድጋት፣ ድምፅስ አላት» አሉ ሐጂ። «ጨዉማ እንደ አሸዋ ነው። ግን ያለው አህያ ላይ ነው፣ አህያው ያለው ከኬላው ወዲያ ነው፣ ኬላው ላይ ደግሞ ገመድ ተወጥሯል። ከጠዋት ጀምሮ አህያዬ ገመዱን ያያል፣ ገመዱ አህያዬን ያያል። ሁለቱም አልሰለቻቸውም።»

ስንዱ እንደገና ሮጠች። እየሮጠች ትላለች፦ ገመድ አህያ አላሳልፍም አለ፣ አህያ ጨው አላደርስም አለ፣ ጨው ቆዳ አላለፋም አለ፣ ቆዳ ወናፍ አልደፍንም አለ፣ ወናፍ እሳት አላነድም አለ፣ እሳት መምቻ አልስልም አለ፣ መምቻ ካዝና አልመታም አለ፣ መዝጋቢ ካዝና አልመልስም አለ፣ እንጉዳይ ገንፎ አልበላም አለች። መንገድ ላይ ያገኟት ሰዎች ዳዊት የምትደግም መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሡላት።

ኬላው ላይ የሚቆመው ሚሊሻው ጫኔ ነው። ከስንዱ ጋር አንድ መስክ ከብት ሲጠብቁ አድገዋል። ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል፤ ጠመንጃው ግን ከሆዱ በታች ባዶ ነው፣ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ።

«ጫኔ፣ ገመዱን አውርድ!»

«ስንድዬ! ዛሬ ደግሞ ምን አዝለሽ ነው የመጣሽው፣ መለከት ነው?»

«ቀልድህን ተው፣ አውርድ ብዬሃለሁ። አህያው ይለፍ።»

ጫኔ ጠመንጃውን ገልብጦ ከሥር አሳያት። «ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«እሱ ነው ነገሩ። ካዝና የሌለው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ኬላ አይከፍትም፣ ሕግ ነው። ዱላ የያዘ እረኛ ይሻለኛል አለኝ አዛዡ። ካዝናዬን ምልክት ይመታበት ብዬ አስረከብኩ፤ ተራዬ ሳይደርስ መምቻው ደነዘ። አሁን ካዝናዬ ክምር ውስጥ ነው፣ እኔም እዚህ ተገትሬያለሁ።»

«ካዝናህን ያስቀመጠው ማን ነው?»

«ማን ይሆናል? አቶ ልሳኑ።»

ስንዱ ቆመች። ነገሩን ከራስ እስከ እግሩ በልቧ አየችው። ከአቶ ልሳኑ ነው የተነሣችው፣ አቶ ልሳኑ ጋ ነው የደረሰችው። ከተማውን ሁሉ የዞረችው አንዱን ሰው በጀርባው በኩል ለመድረስ ኖሯል። ሳቋ መጣ። እንጉዳይ ደግሞ እናቷ ስትስቅ ተናዳ ይበልጥ ጮኸች።

«ጩሂ የኔ እናት፣» አለች ስንዱ። «አታቋርጪ። ጩኸትሽ አሁን ነው የሚያስፈልገኝ።»

መዝገብ ቤት ተመልሳ ገባች። አንቀልባዋን ፈታች። እንጉዳይን አቶ ልሳኑ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ አስቀመጠቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ልሳኑ።

«ልጄ ናት ጋሼ። እቺም ምልክት የላትም። ምልክት የሌለው ከዚህ ክፍል አይወጣም ብለውኝ የለ? እዚሁ ትያዝ።» ብላ ወጥታ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

እንጉዳይ ግራ ቀኟን አየች። ካዝናዋን ክምሩ ላይ አየቻት። ከዚያ ያንን ሁሉ ጩኸት ሲያጠራቅም የዋለ ሳንባዋን ከፈተችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ እስክሪብቶው ከአቶ ልሳኑ ጆሮ ላይ ወደቀ።

«አንቺ ሴትዮ! ነይ ውሰጃት!»

«ሕግ ነው ጋሼ!»

«በእመቤቴ!»

«በጥፍር የማይፋቅ፣ ዝናብ የማያጥበው ምልክት ይኑራት፣ ያኔ እወስዳታለሁ!»

አቶ ልሳኑ ጆሯቸውን ያዙ። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ እጃቸው፣ ራሳቸውም ሳያዙት፣ ወደ ክምሩ አናት ሄደ። ካዝናዋን አነሡና ነቀነቋት።

ኮሽ።

ዝም አለች። እንጉዳይ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንደተንጠለጠለ ዝም አለች።

አቶ ልሳኑ ካዝናዋን ሊያስቀምጡ ሲሉ «እ...» አለች። ኮሽ አደረጉ። ዝም። ሊያስቀምጡ ሲሉ «እእ...» አለች። ኮሽ፣ ኮሽ። እንጉዳይ እጇን ዘረጋች።

«ይስጧታ፣» አለች ስንዱ ከደፍ ላይ፣ ሳህኑን እየፈታች።

«አልሰጥም! ምልክት የሌለው ካዝና ከእጄ አይወጣም!» ኮሽ፣ ኮሽ። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምነቀንቀው?» ኮሽ። «ምንድን ነው የያዘው ደበሽን?»

ስንዱ በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻቸው። «ደበሽን መምቻ ያዘው፣ መምቻን እሳት ያዘው፣ እሳትን ወናፍ ያዘው፣ ወናፍን ቆዳ ያዘው፣ ቆዳን ጨው ያዘው፣ ጨውን አህያ ያዘው፣ አህያን ገመድ ያዘው፣ ገመድን ጠባቂ ያዘው፣ ጠባቂን ካዝና ያዘው። ካዝናውን ደግሞ...»

«ካዝናውንስ?»

«እርስዎ ያዙት ጋሼ።»

አቶ ልሳኑ ክምሩን ዞር ብለው አዩ። የጫኔ ካዝና እዚያ አለ። መስጠት አይሆንም፤ ምልክት የለውም። አለመስጠትም አይሆንም፤ እጃቸው ዝሏል። ኮሽ፣ ኮሽ። ላባቸው ወረደ። በመጨረሻ ኮስተር ብለው ተነሡ።

«ካዝናው ከእጄ አይወጣም» አሉ። «እኔ ግን ከክፍሉ መውጣት እችላለሁ።»

የቀጋ በር ሰው ያን ቀን ያየውን እስከ ዛሬ ይተርከዋል። አቶ ልሳኑ፣ ያ ሁሉ ክብር፣ እንጉዳይን በአንቀልባ አዝለው፣ በቀኝ እጃቸው የሽምብራዋን ካዝና ወደ ኋላ እየነቀነቁ፣ በግራ እጃቸው የጫኔን ካዝና ጨብጠው፣ ከተማውን መሀል ለመሀል ሰንጥቀው ወደ ኬላው ሄዱ። ስንዱ ሳህኗን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ሴቶቹ በየበራፉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እማማ ይመኙ ብቻ «ይኸው፣ መንግሥት ልጅ አዘለልን!» ብለው እልል አሉ።

ኬላው ላይ አቶ ልሳኑ የጫኔን ካዝና ጠመንጃው ውስጥ ሻጥ አደረጉና አልለቅም አሉ። ጠመንጃው ጫኔ ትከሻ ላይ፣ ካዝናው አቶ ልሳኑ እጅ ውስጥ፣ እንጉዳይ አቶ ልሳኑ ጀርባ ላይ።

«አሁን ካዝና አለህ ወይስ የለህም?»

«አለኝ ጌታዬ። ትንሽ ከበደኝ እንጂ፣» አለ ጫኔ።

«እንግዲያው አውርድ!»

ጠባቂው ገመድ አወረደ፣ ገመዱ አህያ አሳለፈ፣ አህያው ጨው አደረሰ፣ ጨዉ ቆዳ አለፋ፣ ቆዳው ወናፍ ደፈነ፣ ወናፉ እሳት አነደደ፣ እሳቱ መምቻ ሳለ። አቶ ልሳኑ ይህ ሁሉ ሲሆን ከደጅ ደጅ እየተከተሉ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ ይላሉ።

ጋሽ ደበሽ የሽምብራዋን ካዝና ብረት ላይ አጋደሙ። መዶሻቸውን አነሡ። ቆሙ።

«ቁጥሩስ?»

«ምን ቁጥር?» አሉ አቶ ልሳኑ።

«የጠመንጃዋ ቁጥር ነዋ። አዋጁ የጠመንጃው ቁጥር ይመታ አይደል የሚለው?»

ጠመንጃ የላትማ! ኮሽታው ስለቆመ እንጉዳይ ከንፈሯን ጣለች። «እ...» አለች። አቶ ልሳኑ ከጀርባቸው ያለውን የታችኛውን ከንፈር ባያዩትም ተሰማቸው።

«ስንት ጠመንጃ አላት?» አሉ በችኮላ።

«ምንም» አለች ስንዱ።

«ምንም ከሆነ ምንም ምታባት! ዜሮ! ዜሮ ምታባት፣ ቶሎ በል!»

«ሽምብራ የመሰለች ዜሮ፣» አሉ ጋሽ ደበሽ፣ መቱ። ጧ! ከውጭ የምትታይ፣ ጥፍር የማይፍቃት፣ ዝናብ የማያጥባት አንዲት ክብ ዜሮ።

መምቻው ካዝና መታ፣ መዝጋቢው ካዝና መለሰ። እንጉዳይ በሁለት እጇ ተቀበለች። አገላበጠች። አዲሲቱን ክብ በጣቷ ነካች። አቶ ልሳኑን አየች፣ ጋሽ ደበሽን አየች፣ ከተማውን ሁሉ አየች። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ።

ኮሽ።

አፏን ከፈተች። ስንዱ አጎረሰቻት። ኮሽ፣ ጉርሻ። ኮሽ፣ ጉርሻ። ሳህኑ ተጠረገ። የመጨረሻዋን ጉርሻ በጉንጯ እንደያዘች አቶ ልሳኑ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አቶ ልሳኑም እንዳትነቃ ብለው እስኪመሽ ቀጥቃጭ ቤት ቆመው ዋሉ፤ ያልተመቱትን ካዝናዎች ሁሉ እዚያው እያስመጡ በሹክሹክታ መዘገቡ። የጫኔም ካዝና ያኔ ተመታ። የአቶ ልሳኑ ቀኝ እጅ ግን እስከ ዛሬ እስክሪብቶ ሲይዝ ይነቃነቃል ይላሉ።

በሚቀጥለው ገበያ አዋጅ ነጋሪው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ወጣ። «የጠመንጃ ማንገቻም ይመዝገብ!» አለ። እማማ ይመኙ ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ወደ እንጉዳይ አንቀልባ ማንገቻ ላኩ። ስንዱ ብድግ አለች፣ አንቀልባው ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይሞክሩትና፣» አለች፣ «እንጉዳይን ለእርስዎ ነው የማሳዝላት።»

ተረቴ ሄደች ኮሽ ኮሽ እያለች፣
በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ እንጉዳይ ተኝታለች።